በአዲስ አበባ ለስደተኞች እንግሊዝኛ በበጎ ፈቃድ ማስተማር፦ ክፍሉን እንዴት መክፈትና ማዝለቅ ይቻላል?

በአዲስ አበባ ለሚኖሩ ስደተኞች እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ተማሪዎቹ ቋንቋውን የሚፈልጉበት ምክንያት እንደየሰዉ የሚለያይ መሆኑን ነው። በጎፋ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖረው ኤርትራዊ ወጣት፣ እሱና ጓደኞቹ በአጭሩ «ፕሮሰስ» የሚሉትን ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ጉዳይ እየጠበቀ ስለሆነ ሐሳቡ ሁሉ ከቃለ መጠይቁና እዚያ ደርሶ ከሚይዘው ሥራ ጋር ነው። ቦሌ ሚካኤል ሱቅ ውስጥ የምትሠራው ሶማሊያዊት እናት ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣውን የቤት ሥራ ማንበብ ትፈልጋለች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ በኩል የገባው ሱዳናዊ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄውም ትምህርቱን የት እንደሚቀጥል ነው።

እኔ በመጀመሪያው ዙር ሦስቱንም ዓይነት ሰው በአንድ ክፍል ሰብስቤ ከሰዋስው መጽሐፍ ምዕራፍ 1 ጀመርሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ 26 ሰው መጣ፤ በአምስተኛው ሳምንት የቀሩት 7 ነበሩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ወዲያ የተማርሁትን ነው። ትምህርቱ ተማሪው በእጁ ከያዘው ወረቀት፣ ከስልኩ መልእክትና ከቀጠሮው ሲነሣ ሰው ይመለሳል፤ አስተማሪው ሊያዘልቀው የማይችለውን ክፍል ግን ከናካቴው ባይከፍት ይሻላል።

ፈቃድ፣ ቦታና ሰዓት

ስደተኞችን የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ሲሆን፣ ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና ከልዩ ልዩ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ጋር ይሠራል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በ1996 ዓ.ም. ከወጣው ከቀዳሚው ሕግ በሰፋ መልኩ የመማርና የመሥራት መብትን ስለሚደነግግ፣ ስደተኛ መማሩ በራሱ የሚያጠያይቅ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በየሳምንቱ ሰው በአንድ ቦታ መሰብሰቡ የጎረቤትንም የወረዳንም ዓይን መሳቡ አይቀርም። ስለዚህ የሚመረጠው መንገድ ቀድሞ የማስተማር ሥራ ያለው ድርጅት ዘንድ ሄዶ በበጎ ፈቃደኝነት መመዝገብ ነው፤ ይህ ካልተቻለ ከአንድ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጋር ተስማምቶ ለወረዳው በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። የየአገሩ ስደተኞች የራሳቸው ተወካዮች ስላሏቸው ከእነሱ ጋር ሳይነጋገሩ ማስታወቂያ መለጠፍ ዋጋ የለውም። ከማያውቁት ሰው የመጣ «ነፃ ትምህርት» የሚል ወረቀት ያጠራጥራቸዋል፤ ጥርጣሬያቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ቦታ ሲታሰብ የኮንዶሚኒየም ኮሚናል በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ነው፤ ቅርብ ነው፣ ኪራዩም አይከብድም። ነገር ግን ኮሚናሉ የነዋሪው ሁሉ ነውና ለቅሶ ወይም ሠርግ በወደቀበት ቀን ክፍሉ የለም። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ስንደርስ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበሮቻችን በሙሉ ለቀስተኛ ተቀምጦባቸው አገኘን፤ ለቅሶ ደረስንና የዕለቱን ትምህርት በደረጃው ላይ ተደርድረን ሰጠን። የእምነት ተቋም አዳራሽ ከተገኘ ደግሞ የሌላ እምነት ተከታዮች ይመጡ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በይሉኝታ «እንመጣለን» ብለው የሚቀሩ አሉና። ዓርብ ቀትርና እሑድ ጠዋት ለማንም አይመቹም። በረመዳን ወር ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ ትምህርት ከጾመኛው ጉልበት ጋር ስለሚጋጭ ወደ ጠዋት መዞር አለበት።

ለአንድ ክፍል ከ15 የማይበልጡ ተማሪዎችና ሁለት አስተማሪዎች ቢመደቡ መልካም ነው። ሁለት የሚሆኑት አንዱ ሲታመም ወይም ሥራ ሲይዘው ክፍሉ እንዳይዘጋ ነው። በታክሲ ሁለት ጊዜ ተሳፍሮ የመጣ ሰው በሩ ተዘግቶ ካገኘ በሁለተኛው ሳምንት አይመለስም። ዙሩን በ10 ሳምንት መወሰን ከዚያም ማደስ፣ «እስከ መቼም አስተምራችኋለሁ» ከማለት የበለጠ ታማኝነት አለው።

ደረጃ መለየት

የጽሑፍ ፈተና መስጠት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቀውን ሰው ያሸማቅቃል። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ለ5 ደቂቃ ያህል ለብቻ ተቀምጦ ሰላምታ መለዋወጥና ስሙን እንዲጽፍ መጠየቅ በቂ ነው። በዚህ ጊዜ የሚታየው የመልሱ ትክክለኛነት ብቻ አይደለም፤ እስክሪብቶ አያያዙ፣ ደብተሩን ከየትኛው ወገን እንደሚከፍት፣ ስሙን እየጻፈ መሆኑን ወይም እየሣለ መሆኑን ማስተዋል ይቻላል።

አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ሰው ይመጣል። በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ ያልተማረ አለ፤ በራሱ ፊደል ጥሩ አድርጎ የሚያነብና እንግሊዝኛው አዲስ የሆነበት አለ፤ እንግሊዝኛ አንብቦ የሚረዳ፣ ግን አፉን መክፈት የሚፈራ አለ። ሦስተኛው ዓይነት በኤርትራውያን ዘንድ በብዛት ይገኛል፤ በኤርትራ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ሳዋ ወደተባለው ወታደራዊ ማሠልጠኛ ሄዶ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው የእንግሊዝኛ ግሥ ጊዜያትን ሥርዓት ከአስተማሪው እኩል ያውቃል። የሚያስፈልገው መናገር ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሕመም እንግዳ ስላልሆነ በዚህ ክፍል ማስተማር ይቀለናል። ሦስቱን መለየት ባይቻል እንኳ ማንበብ የማይችሉትን ለብቻ ማድረግ ግድ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ከተቀመጡ ከሰሌዳው ላይ እንደ ሥዕል እየገለበጡ ሳምንታት ያልፋሉ፣ አስተማሪውም የተማሩ ይመስለዋል።

ፊደሉና አንደበቱ

የተማሪው የገዛ ቋንቋ እንግሊዝኛውን የት ላይ እንደሚያሰናክለው ያወቀ አስተማሪ ብዙ ጊዜ ያተርፋል። ሶማልኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ሶማሌው ተማሪ ፊደሉን ያውቀዋል፤ ችግሩ የሚመጣው በማወቁ ነው። «ሲ» የምትባለው ፊደል በሶማልኛ ከጉሮሮ የሚወጣውን፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች «ዐ» ሲሉ የሚያሰሙትን ድምፅ ትወክላለች፤ «ኤክስ» ደግሞ የ«ሐ»ን ድምፅ ትወክላለች። ስለዚህ ዓሊ የሚባለው ተማሪ ስሙን በ«ሲ» ጀምሮ ሲጽፍ ተሳስቶ አይደለም፤ ሐሊማም ስሟን በ«ኤክስ» ብትጀምር ልክ ናት። በመጀመሪያው ቀን «ይህ በሶማልኛ ትክክል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ይህች ፊደል ሌላ ድምፅ አላት» ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ መጻፍ የወራት ግራ መጋባትን ያስቀራል።

ዐረብኛ አንባቢው ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ስለለመደ እጁ እስኪዞር ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። በዐረብኛ «ፐ» የሚባል ድምፅ ስለሌለ ፓስፖርቱ «ባስቦርት» ይሆናል። የእኛም የዐረብም ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል መጀመር በሁለቱ ፊደላት ለሚጽፉት አዲስ ልማድ ነው። በግእዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ፣ ሦስት ተነባቢዎች ተደርድረው ሲያገኝ በፊታቸው ወይም በመካከላቸው ድምፅ ያስገባል፣ «እስትሪት» ይላል። ይህ መግባባትን ስለማይከለክል ብዙ መጨነቅ አይገባም፤ «ፐ»ን ከ«በ» አለመለየት ግን ስም ሲፈደል ሌላ ሰው ያደርጋል፤ ስለዚህ እሱ ላይ ጊዜ ማጥፋት ተገቢ ነው።

አስተማሪው በክፍሉ ውስጥ አማርኛ ይናገር ወይስ አይናገር የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ከተማው ውስጥ የቆዩት ኤርትራውያን አማርኛ ስለሚሰሙ ማብራሪያው በአማርኛ ሲሆን እነሱ ይጠቀማሉ፤ የሱዳኑና የሶማሊያው ተማሪ ደግሞ ሁለት የማያውቀውን ቋንቋ በአንድ ጊዜ ያዳምጣል። ስለዚህ ቀላል እንግሊዝኛ፣ የእጅ ምልክትና ዕቃ ማሳየት ይቅደም፤ ትርጉም የግድ ሲሆን ከተማሪዎቹ አንዱ ለጓደኛው ያስረዳ። በነገራችን ላይ «ከእንግሊዝኛው አማርኛው ይቅደምልን» ብለው የጠየቁኝ ሁለት እናቶች ነበሩ፤ ከአከራይና ከታክሲ ረዳት ጋር በየቀኑ የሚያነጋግራቸው አማርኛ ስለሆነ ትክክል ነበሩ። ለእነሱ የአማርኛ አስተማሪ ፈለግን።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርት

የመጀመሪያው ትምህርት ስም ይሁን። ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉ ከባዱ እሱ ነው። የእኛ፣ የኤርትራውያንና የሶማሊያውያን አጠራር ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። የእንግሊዝኛው ቅጽ ግን «ፈርስት ኔም» ብሎ «ላስት ኔም» ይጠይቃል። አንዱ ተማሪ በ«ላስት ኔም» ቦታ የአባቱን ስም ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፤ ያው ሰው በሁለት ቅጾች ላይ በተለያየ መንገድ ሊሞላውም ይችላል፤ ወረቀቶቹ አንድ ቢሮ ሲደርሱም የማን እንደሆኑ ያጠያይቃል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ሁልጊዜ በስደተኛ መታወቂያው ላይ በሰፈረው አጻጻፍ፣ ፊደል ሳይጎድል መሙላት። ባዶ ቅጽ በፎቶኮፒ አባዝቶ፣ ስሙም ቀኑም የፈጠራ በሆነ ሰው መለማመድ ይበቃል፤ የተማሪዎችን መታወቂያ መሰብሰብም ሆነ ኮፒ ማስቀመጥ አይገባም።

ቀጥሎ ስሙን በቃል መፈደል ይምጣ። በስልክ የሚደውል ሠራተኛ «ሃው ዱ ዩ ስፔል ዛት?» ሲል ተማሪው መልስ እንዲኖረው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡና አንዱ ሲፈድል ሌላው ይጻፍ። ፊት ለፊት ሲሆኑ ከንፈር እያዩ ስለሚረዳዱ ልምምዱ ይበላሻል። «ኤ»፣ «ኢ» እና «አይ» የሚባሉት የፊደል ስሞች እዚህ ላይ በጣም ይምታታሉ፤ በየሳምንቱ ለ10 ደቂቃ መደጋገም እንጂ ሌላ መድኃኒት የላቸውም።

ሦስተኛው ሰዓትና ቀን ነው። በዚህ ትምህርት የተሳሳትሁት እኔው ነኝ፤ ለአንድ ሱዳናዊ ተማሪ «ቅዳሜ በ3» ብዬ መልእክት ልኬለት ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት፣ ማለትም በእሱ አቆጣጠር በ3 መጥቶ የተዘጋ በር አገኘ። ጠዋት 9:00 የሚል የቀጠሮ መልእክት በአገራችን አነጋገር ሦስት ሰዓት መሆኑን፣ በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ 6 ሰዓት መኖሩን በሁለት የግድግዳ ሰዓቶች ማሳየት ይቻላል። የቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ ከ7 እስከ 8 ዓመት ይለያያል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ዘመን እንደ አውሮፓውያኑ ከተነበበ ሰውዬው በወረቀት ላይ ያረጃል። ልደታቸውን በቀን የማያውቁ ብዙዎች ጃንዋሪ 1 ተብለው ተመዝግበዋል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ያንኑ ቀን ሲጠራ አስተማሪው ፈገግ እንዳይል።

ከዚህ በኋላ ሐኪም ዘንድ የሚነገረው፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚነበበው፣ ከልጅ አስተማሪ ጋር የሚወራው ሊከተል ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን ተማሪዎቹ ይወስኑ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን ሁሉም በቃሉ ሊይዛቸው የሚገቡ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ «ኩድ ዩ ሪፒት ዛት፣ ፕሊዝ?» እና «ኩድ ዩ ስፒክ ስሎውሊ?» የሚሉት። በእኛ ባህል ታላቅን ሰው «ድገመው» ማለት ነውር ስለሚመስል፣ ያልገባውን ራሱን እየነቀነቀ የሚያልፍ ብዙ ነው። መጠየቅ አሳፋሪ አለመሆኑን በአስተማሪው ላይ እያስለመዱ ማሳየት ይቻላል፤ አስተማሪው ሆነ ብሎ በፍጥነት ይናገር፣ ተማሪው ያስቁመው።

እያንዳንዱ ትምህርት በዚያው ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚያልቅ መሆን አለበት። የወር ድጎማ የሚወጣበት ቀን፣ የቢሮ ቀጠሮ፣ የልጅ ሕመም፣ የቀን ሥራ መገኘት፣ ሁሉም ተማሪ ያስቀራሉ፤ ባለፈው ሳምንት ላይ ብቻ የቆመ ትምህርት የቀረውን ሰው ዳግመኛ ያስቀረዋል። ትምህርቱ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ በመካከሉ ሻይና ዳቦ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ እንግሊዝኛ የሚወራው በዚያ 15 ደቂቃ ውስጥ ነው። ለእናቶች ልጅ የሚይዝ አንድ በጎ ፈቃደኛ ማግኘት ከአንድ ተጨማሪ አስተማሪ ይበልጣል።

የማይጠየቁና የማይነገሩ

የቋንቋ መጻሕፍት በመጀመሪያ ገጾቻቸው ስለ ቤተሰብ ይጠይቃሉ። እኔም አንድ ቀን ወንድምና እኅት ቁጥር እየጠየቅሁ በክፍሉ ስዞር፣ በዕድሜ ገፋ ያለ አንድ ሰው «ፎር ብራዘርስ» አለኝ፤ ትንሽ ቆየና «ኖ፣ ቱ» ብሎ አስተካከለ፤ ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ ወጣ። እኔ የቁጥር ስሕተት መስሎኝ «ቬሪ ጉድ» ብዬው ነበር። ከዚያ ወዲህ ኃላፊ ጊዜን የማስተምረው ትናንት በተበላ ምግብና በታየ ኳስ ጨዋታ ነው፤ ቤተሰብን የማስተምረው በአንድ የፈጠራ ቤተሰብ ሥዕል ነው። ተማሪው ራሱ መናገር ከፈለገ ይናገር፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ድንበሩና ስለ በረሃው ግን አስተማሪ አይጠይቅም።

ፎቶግራፍ ማንሣትና በማኅበራዊ ገጽ ላይ መለጠፍም እንዲሁ ነው። የተማሪው ዘመዶች አገር ቤት ቀርተው ሊሆን ስለሚችል አንድ ፎቶ የሚያስከትለውን እኛ አናውቅም። «አነሣችኋለሁ?» ተብሎ በጋራ ሲጠየቅ ማንም እንቢ አይልም፤ ስለዚህ ጥያቄውንም መተው ይሻላል።

ስለ ቃለ መጠይቅ እርዳታ የሚጠይቁ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ጥያቄን ሰምቶ መረዳትን፣ «አልገባኝም» ማለትን፣ አስተርጓሚ የመጠየቅን ንግግር ማስለመድ ይቻላል፤ የታሪኩን ይዘት ማረም፣ «ይህን በል፣ ያን ተው» ማለት ግን ሰውዬውን አደጋ ላይ ይጥላል። ትምህርቱ «ፕሮሰስ»ን ያፋጥናል የሚል ተስፋም በቀጥታም ሆነ በዝምታ አይሰጥም። የከፍተኛ ኮሚሽኑ አገልግሎት በሙሉ ያለ ክፍያ የሚሰጥ መሆኑን ግን በየዙሩ መጀመሪያ መናገር ይገባል፤ ፎርም እናስገባለን ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች በየሰፈሩ አሉና። የምስክር ወረቀት ሲጠየቅ የተከታተለውን ሰዓት ብቻ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጥ፤ ያልተመዘነ ደረጃ አይጻፍበት።

ዩኒቨርሲቲ ለሚያስቡት የተለየ ሰዓት ቢመደብ ይጠቅማል። የጀርመን መንግሥት በከፍተኛ ኮሚሽኑ በኩል የሚደግፈው ዳፊ የተባለው የትምህርት ዕድል በኢትዮጵያም ላሉ ስደተኞች ስለሚሰጥ፣ ማመልከቻ የመጻፍ ልምምድ እዚህ ቦታ አለው። የዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና ከቶፍልና ከአይልትስ በዋጋ የሚቀንስ፣ ከቤት ሆኖ በኮምፒዩተር የሚወሰድ ነው፤ ተፈታኙ ግን መብራትና ኢንተርኔት የማይቋረጥበትን ቦታ አስቀድሞ እንዲፈልግ ይነገረው።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ወፍራም ደብተር ይኑር። አስተማሪው በየሳምንቱ መጨረሻ የዕለቱን ርእስ፣ የሠራውንና ያልሠራውን፣ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያስፈልገውን ፎቶኮፒ በግማሽ ገጽ ይጻፍበት። የተማሪ ስም በአጭሩ እንጂ በሙሉ አይስፈር፤ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር ጭራሽ አይግባበት። ደብተሩ የሚቀመጠው በአስተማሪው ቤት ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ፣ ተማሪዎቹ በሚያውቁት ቦታ ነው። ባለፈው ክረምት ሁለታችንም አስተማሪዎች በዝናብና በታክሲ ሰልፍ ዘግይተን ስንደርስ ትምህርቱ ተጀምሮ አገኘነው፤ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ አፉን ለመክፈት ሦስት ወር የፈጀበት ልጅ፣ ደብተሩን ገልጦ ያለፈውን ሳምንት ገጽ አንብቦ ማርከሩን ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። እኛም ከኋላ ወንበር ስበን ተቀመጥን።